ይድነቃቸው ተሰማ፦ ከአራዳ የኳስ ሜዳ እስከ አፍሪካ ሸንጎ

ይህ ዓምድ እስካሁን ስለ ነገሥታት፣ ስለ አርበኞችና ስለ ደራሲያን ብዙ ብሏል። ስለ እግር ኳስ ሰው ግን አንድም ጊዜ አላነሣም። ምክንያቱም አይጠፋንም፤ ኳስ የሥራ ፈት ማሳለፊያ ነው እየተባልን ያደግን ብዙዎች ነን። ደብተሩን ጥሎ ኳስ ተከትሎ የሄደ ልጅ ማታ ቤቱ ሲገባ ምን ይጠብቀው እንደነበረ ለአንባቢ መንገር አያሻም።

እዚህ ኩዌት ግን ነገሩን ሳናነሣ ማለፍ አልቻልንም። ዓርብ ዓርብ በጃብሪያና በሳልሚያ ሜዳዎች አብረውን የሚጫወቱት የሱዳንና የግብፅ ተማሪዎች ጨዋታው ሲያልቅ ክርክር ይገጥማሉ። ሱዳኑ የአፍሪካ ዋንጫ የተወለደው ካርቱም ነው ይላል። ግብፁ ደግሞ የመጀመሪያውን ዋንጫ የወሰድን እኛ፣ የመጀመሪያውም ፕሬዚዳንት የእኛ ሰው ነው ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም እውነት አላቸው። የእኛ ልጆች እ.ኤ.አ. በ1962 ዋንጫውን እንደበላን ተናግረው ዝም ይላሉ። ይህችን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ለዚያ ዝምታ ነው። የአፍሪካን እግር ኳስ ካቋቋሙት ሰዎች አንዱና ለ15 ዓመት በፕሬዚዳንትነት የመሩት የእኛው አገር ሰው፣ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። (ከዚህ በታች ዓመተ ምሕረት ብለን ካልገለጽን በቀር አቆጣጠሩ የአውሮፓ ነው።)

አቶ ይድነቃቸው የተወለዱት ጂማ ውስጥ በእንቁጣጣሽ ዕለት፣ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። ግጥምና መሰንቆ የሚወድ አንባቢ ስማቸውን ያውቀዋል። ነጋድራስ ተሰማ በአፄ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን አገር ተልከው የአውቶሞቢል ሙያ ተማሩ፤ በዚያው ቆይታቸው ድምፃቸውን በሸክላ አስቀረጹ፤ በሸክላ ላይ ድምፁ የተቀረጸ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዘፋኝ የሚባሉትም እርሳቸው ናቸው። በኋላ የልጅ ኢያሱ የቅርብ ወዳጅ ሆኑ፤ ይህ ወዳጅነት ልጅ ኢያሱ ከወረዱ በኋላ ብዙ ዋጋ አስከፍሏቸዋል። ለልጃቸው ያወጡት ስም ራሱ የባለቅኔ ስም ነው። እነማን ይደነቁ እንዳሉ አልተናገሩም እንጂ፣ ከ30 እና ከ40 ዓመት በኋላ በአውሮፓ የስብሰባ አዳራሾች ተቀምጠው የተደነቁ ሰዎች ብዙ ናቸው።

ልጅ ይድነቃቸው አዲስ አበባ መጥተው በዚያን ዘመን ትምህርቱ በፈረንሳይኛ ይሰጥበት በነበረው በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ገቡ። ኳስን ያገኙት በዚህ ጊዜ ነው። በከተማው እግር ኳስ የሚጫወቱት በአብዛኛው የውጭ አገር ሰዎች፣ አርመኖች፣ ግሪኮችና ጣሊያኖች ነበሩ። የአገሩ ልጅ ዳር ቆሞ ያያል፤ ሲቀናው የወጣ ኳስ ያቀብላል፤ ከዚያ ሰፈሩ ተመልሶ የጨርቅ ኳስ ይጠቀልላል። በ1928 ዓ.ም. አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የሚባሉ ሁለት ወጣቶች የአራዳን ልጆች አሰባስበው አንድ ቡድን መሠረቱ፤ ስሙንም በሰፈራቸው ታቦት ቅዱስ ጊዮርጊስ አሉት። አንዱ ኢትዮጵያዊ፣ ሌላው ከግሪክ ወገን መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። ይድነቃቸው ገና በ14 ዓመታቸው ከዚህ ቡድን ጋር ተቀላቀሉ፤ ከዚያም 23 ዓመት ሙሉ ሌላ ማልያ ሳይለብሱ ተጫወቱ። ስለ እርሳቸው የሚጽፉ ሁሉ የሚጠቅሱት ቁጥር 365 ጨዋታና 318 ጎል ነው።

ቡድኑ ሲመሠረት የፋሺስት ጦር ሰሜኑን ወርሮ ነበር። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ በጠላት እጅ ወደቀች። የእነይድነቃቸው ትምህርት ተቋረጠ፤ የእነርሱ ትውልድ በሙሉ 5 ዓመት ከክፍል ተባረረ ማለት ይቻላል። ጣሊያን በሜዳውም ላይ የዘር ድንበር አሰመረ። ኢትዮጵያዊ ከነጭ ቡድን ጋር እንዳይገጥም ተከለከለ፤ የአገሬው ቡድን ከአገሬው ቡድን ጋር ብቻ ይጫወት ተባለ፤ የሰፈር ቡድኖችም የጣሊያን ስም ተለጠፈባቸው። ቅዱስ ጊዮርጊስ ሊቶሪዮ ተባለ፤ የፋሺስቶቹ የራሳቸው ምልክት ስም መሆኑ ነው። ሕዝቡ ግን ጊዮርጊስ ማለቱን አልተወም። ቡድኑ የብሔራዊ ስሜት መሸሸጊያ የሆነው በዚህ ጊዜ ነው፤ ዛሬም በዕድሜ የገፉ ደጋፊዎቹ ስለ ቡድናቸው ሲያወሩ ስለ ኳስ ብቻ የማያወሩት ለዚህ ነው።

እኛ እንደምናምነው፣ አቶ ይድነቃቸው በኋላ በደቡብ አፍሪካ ጉዳይ ያሳዩትን አለመበገር ማንም ከመጽሐፍ አላስተማራቸውም። ከ15 እስከ 20 ዓመት ባለው ዕድሜያቸው፣ ሰው የጨዋታ ጓደኛውን በሚመርጥበት ጊዜ፣ በገዛ ከተማቸው በቆዳቸው ቀለም ምክንያት ከሜዳ ተለይተው የኖሩ ሰው ናቸው።

ከነፃነት በኋላ ያለፈው ተገለበጠ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከተማው ውስጥ ከቀሩት ጣሊያኖች ቡድን ከፎርቲቱዶ ጋር ፊት ለፊት መግጠም ቻለ። እ.ኤ.አ. በ1944 የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ሲካሄድ ከኢትዮጵያውያኑ ጋር የጣሊያን፣ የአርመንና የግሪክ ቡድኖች፣ እንዲሁም በኢትዮጵያ የነበረው የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ተካፈሉ። ዋንጫውን የወሰደው እንግሊዙ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ የመጀመሪያውን ሻምፒዮንነት ያገኘው በ1950 ሲሆን፣ አቶ ይድነቃቸው በዚያን ጊዜም አጥቂ ነበሩ።

እዚህ ላይ የሕይወታቸው ሁለተኛ ክፍል ይጀምራል። ቀን ቢሮ፣ ማታ ልምምድ፣ እሑድ ጨዋታ። ፌዴሬሽን ሲቋቋም፣ ደንብ ሲጻፍ፣ ዳኛ ሲሠለጥን፣ ከዓለም አቀፍ ማኅበራት ጋር ደብዳቤ ሲለዋወጡ በየቦታው የእርሳቸው እጅ አለበት። ኢትዮጵያ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ፊፋ ገባች፤ የኦሊምፒክ ኮሚቴዋ በ1954 ዕውቅና አገኘ፤ በ1956 ሜልቦርን ላይ ባንዲራዋ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ታየ። አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲሮጥ ዓለም ያየው እግሩን ነው። አንድ አገር ያንን ሯጭ ወደዚያ ለመላክ ስንት ወረቀት፣ ስንት ማኅተም፣ ስንት ጠብ እንደሚያስፈልግ ግን ፎቶግራፍ አያነሳውም። እኛም ለአንድ የምስክር ወረቀት ማረጋገጫ በየመሥሪያ ቤቱ የተንከራተትን ሰዎች በመሆናችን ለወረቀት ሠራተኛ ያለን አክብሮት ትንሽ ከፍ ብሏል።

አሁን ወደ ካርቱም እንሂድ። በሰኔ 1956 ሊዝበን ላይ በተደረገው የፊፋ ጉባኤ የግብፅ፣ የሱዳን፣ የኢትዮጵያና የደቡብ አፍሪካ ተወካዮች ተገናኝተው የአፍሪካን ማኅበር ለመመሥረት ተስማሙ። በየካቲት 1957 ካርቱም ላይ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ተቋቋመ፤ አራት አገሮች ብቻ። በዚያን ጊዜ አብዛኛው አፍሪካ በቅኝ ግዛት ሥር ነበር፤ ጋና እንኳ ነፃ የወጣችው ከዚያ አንድ ወር ቆይታ ነው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅትም ገና ስድስት ዓመት ይቀረው ነበር። የአፍሪካ መሪዎች አዲስ አበባ ላይ ከመሰብሰባቸው በፊት ኳስ ተጫዋቾቹ ተሰብስበዋል ማለት ነው።

ለመጀመሪያው ውድድር ዕጣ ሲወጣ ኢትዮጵያ ከደቡብ አፍሪካ ጋር ተመደበች። ደቡብ አፍሪካ የነጭ ብቻ ወይም የጥቁር ብቻ ቡድን እንጂ የተደባለቀ ቡድን አልልክም አለች። መልሱ አጭር ነበር፤ ከውድድሩ ውጪ ሆነች። ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች፤ በፍጻሜውም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች፤ አራቱንም ጎል ያገባው አድ-ዲባ የሚባለው አጥቂ ነው። ግብፃውያን ጓደኞቻችን ይህንን ሁልጊዜ ያስታውሱናል፤ እኛም አንክድም። ነገር ግን የዚያ ዓመት ትልቁ ውጤት 4 ለ 0 አልነበረም። ኮንፌዴሬሽኑ ገና በተወለደ በሳምንቱ፣ አራት አባል ብቻ እያለው፣ አንዱን አባል በዘረኝነቱ ምክንያት ለማጣት ፈቀደ። በገንዘብ ሀብታም የነበረው ደግሞ ያ አንዱ ነው። ፊፋ እዚህ ውሳኔ ላይ ለመድረስ ዓመታት ፈጅቶበታል፤ ደቡብ አፍሪካን በ1961 አገደ፣ በ1963 መለሰ፣ በ1964 እንደገና አገደ፣ ጨርሶ ያባረራት በ1976 ሞንትሪያል ላይ ነው። በእነዚህ 19 ዓመታት ውስጥ ጉዳዩ ከጠረጴዛው ላይ እንዳይነሣ ከያዙት ሰዎች ግንባር ቀደሙ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ።

ለዚህ ዓላማ አገራችንም ከኪሷ ከፍላለች። በዚያው በ1976 ሞንትሪያል ላይ በተደረገው ኦሊምፒክ፣ ኒውዚላንድ ከአፓርታይድ አገር ጋር ራግቢ ስለተጫወተች፣ የአፍሪካ አገሮች ተነሥተው ሲወጡ ኢትዮጵያም ወጣች። ምሩጽ ይፍጠር በምርጥ ዕድሜው ሳይሮጥ ተመለሰ። በ1980 ሞስኮ ላይ ሁለት ወርቅ ማግኘቱ የታወቀ ነው፤ በ1976 ያላገኘውን ግን ማንም አይመልስለትም። መርሕ የምንለው ነገር ዋጋው በስብሰባ አዳራሽ ሲወሰን፣ ሒሳቡን የሚከፍለው ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ነው። አቶ ይድነቃቸው በዚያን ጊዜ የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል ነበሩ፤ ከ1971 ጀምሮ።

የ1962ቱን ጨዋታ ሳናነሣ ብናልፍ አንባቢ ይቀየመናል። ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ሲዘጋጅ የብሔራዊ ቡድኑ አሠልጣኝ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። በግማሽ ፍጻሜ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸነፍን። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ ሁለቱን የቀደሙ ዋንጫዎች የወሰደችው ግብፅ ቀረበች። ግብፅ ሁለት ጊዜ መራች፣ ኢትዮጵያ ሁለት ጊዜ አቻ አደረገች፤ የመጀመሪያው በተክሌ ኪዳኔ፣ ሁለተኛው ስድስት ደቂቃ ያህል ሲቀር በአምበሉ በሉቻኖ ቫሳሎ። በተጨማሪው ጊዜ የሉቻኖ ወንድም ኢታሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አገቡ። 4 ለ 2። ዋንጫውን ንጉሠ ነገሥቱ ለአምበሉ አስረከቡ።

የሕክምና ተማሪዎች ስለሆንን አንድ ነገር ጣልቃ እናስገባ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት፤ በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳር ካለው በሩብ ያህል ያንሳል፤ ደም የሚሸከመው ኦክሲጅንም፣ በዚያው መጠን ባይሆንም፣ ይቀንሳል። ከናይል ሸለቆ የመጣ ተጫዋች ከ90 ደቂቃ በኋላ ምን እንደሚሰማው መገመት ቀላል ነው። ግብፃውያን ጓደኞቻችን ሽንፈታቸውን በዚህ ሲያስረዱ በከፊል እንቀበላቸዋለን። ሙሉ በሙሉ ግን አንቀበልም፤ አየሩ ቀጭን ነው፣ ጎሉን ያገባው ግን አየሩ አይደለም። ከአሥመራ የመጡትን ወንድማማቾች፣ የአዲስ አበባውን መንግሥቱንና ሌሎቹን አንድ ቡድን አድርጎ በሁለተኛው መመራት ጊዜ እንዳይበተን የያዘ አሠልጣኝ ነበር።

ከዚህ በኋላ ትግሉ ከሜዳ ወጥቶ ሙሉ በሙሉ ወደ ጉባኤ ገባ። ለ1966ቱ የእንግሊዝ የዓለም ዋንጫ ፊፋ ከ16ቱ ቦታ ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሽንያ በጠቅላላ አንድ ቦታ ብቻ መደበ። አውሮፓ አዘጋጇን ጨምሮ 10 ወሰደች። አቶ ይድነቃቸውና የጋናው ኦሄነ ጃን ይህንን ተቃወሙ፤ የአፍሪካ አገሮችም በአንድነት ከማጣሪያው ወጡ። አንድ ቦታዋን ሰሜን ኮሪያ ወሰደች፤ እንግሊዝ ሄዳም ጣሊያንን አሸነፈች። አድማው ፍሬ አፈራ፤ ከ1970 ጀምሮ አፍሪካ የራሷን ቦታ አገኘች፤ መጀመሪያ የተጠቀመችበትም ሞሮኮ ናት።

ይህ ነገር ኩዌትን ምን አገባት የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። ብዙ ያገባታል። የድሮው ደንብ ቢቀጥል ኖሮ የእስያ አሸናፊ ከአፍሪካ አሸናፊ ጋር ለአንድ ቦታ ይገጥም ነበር። ኩዌት በ1982 ስፔን ስትገባ፣ ከእስያ የዓለም ዋንጫ የደረሰች የመጀመሪያዋ ዓረብ አገር ስትሆን፣ ከቼኮዝሎቫኪያ ጋር 1 ለ 1 ስትወጣ፣ ከአፍሪካ ደግሞ አልጄሪያና ካሜሩን ሁለቱም አብረዋት ነበሩ። የአልጄሪያ ጀርመንን ማሸነፍና የካሜሩን ሳይሸነፉ መውጣት የዚያ ረጅም ክርክር ፍሬ ነው። የኩዌት ሽማግሌዎች የሚያስታውሱት ሼክ ፋሃድ አል-አሕመድ ቫላዶሊድ ላይ ሜዳ ገብተው የፈረንሳይን ጎል ያሰረዙበትን ቀን ነው። ሼክ ፋሃድ ከአቶ ይድነቃቸው ጋር የአንድ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባላት ነበሩ፤ በጠባይ ግን የተለያዩ ይመስሉናል። የእኛው ሰው ሜዳ ገብተው ዳኛ አላስፈራሩም፤ ደንቡን ቤት ወስደው አንብበው ነበር የሚመጡት።

አቶ ይድነቃቸው በ1972 የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። በ1974 የፊፋ ምርጫ ሰር ስታንሊ ራውስ ወርደው ብራዚላዊው ዦአዎ ሃቬላንጅ ሲመረጡ የአፍሪካ ድምፅ ሚዛን የደፋ ነበር። በዚያው ዓመት አገራችን ውስጥ ዙፋን ወደቀ። መንግሥት ሲለወጥ ስንቱ ታላቅ ሰው ከነሥራው እንደጠፋ እናውቃለን፤ እርሳቸው ግን በአህጉር ሥራቸው እስከ ዕለተ ሞታቸው ቆዩ። አሮጌ ቡድናቸው ግን ሁለተኛ ጊዜ ስሙን አጣ፤ በደርግ ዘመን ቡድኖች እንደገና ሲደራጁ ቅዱስ ጊዮርጊስ ለተወሰነ ጊዜ በቢራ ፋብሪካ ስም ተጠራ።

ይህ ደግሞ ምፀት አለበት፤ አቶ ይድነቃቸው የአልኮልና የሲጋራ ማስታወቂያ በአፍሪካ ውድድሮች ላይ እንዳይገባ አጥብቀው ይቃወሙ ነበር። የኮንፌዴሬሽኑ ካዝና ባዶ በነበረበት ጊዜ ነው ይህንን ያሉት። ዛሬ በሳንባ ክፍል ውስጥ የምንቆም ተማሪዎች ይህንን እንደ ትንሽ ነገር አናየውም። ሰውየው ሐኪም አልነበሩም፤ ከብዙ ሐኪም በፊት ግን አይተውታል።

ሌላው አቋማቸው ግን በመካከላችን እስካሁን ያጣላናል። አቶ ይድነቃቸው የአፍሪካ ተጫዋቾች ወደ አውሮፓ መፍለሳቸውን ይቃወሙ ነበር። ኮንፌዴሬሽኑ ከ1965 ጀምሮ አንድ ብሔራዊ ቡድን በአፍሪካ ዋንጫ ላይ በውጭ አገር የሚጫወቱ ከሁለት በላይ እንዳያሰልፍ ደንግጎ ነበር፤ ደንቡ የተነሣው በ1982 ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ድሃ አገር ያሳደገውን ልጅ ሀብታም አገር ከወሰደው፣ ድሃው ለዘላለም አሳዳጊ፣ ሀብታሙ ለዘላለም ተጠቃሚ ሆኖ ይቀራል። ይህንን በማኅበራችን ስብሰባ አንድ ሰው ሲያነሣ ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ስለ ኳስ ብቻ እንዳልተናገረ ሁሉም ገብቶታል። ከእኛ መካከል በአገር ቤት የሕዝብ ገንዘብ ተምሮ እዚህ በነፃ የትምህርት ዕድል የመጣ፣ ከምረቃ በኋላም ወዴት እንደሚሄድ ገና ያልወሰነ ብዙ ነው። ገሚሶቻችን ደንቡ ትክክል ነበር አልን። ገሚሶቻችን ደግሞ በር መዝጋት ተጫዋቹን ይቀጣል እንጂ ሜዳ አይሠራም አልን። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጆች አስተያየት የሁለተኛው ነው፤ የሚከፈለው ሰው ሄዶ የተሻለ ኳስ ይማራል፣ የተከለከለው ግን ከነተሰጥኦው እቤቱ ያረጃል። ሆኖም ያሳደገውን ማን ይካሰው የሚለውን የእርሳቸውን ጥያቄ እስካሁን የመለሰልን የለም። እርሳቸው ራሳቸው በ23 ዓመት ማልያ ያልቀየሩ ሰው መሆናቸውም መዘንጋት የለበትም፤ ከሌላው የጠየቁትን ራሳቸው አድርገውታል።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት ካንሰር ያዛቸው። በሽታው እያለባቸውም ሥራቸውን አልተዉም። ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ በቡሄ ዕለት፣ በ65 ዓመታቸው አዲስ አበባ ላይ አረፉ። በእንቁጣጣሽ ተወልደው በቡሄ አረፉ፤ ሁለቱም የልጆች በዓል ናቸው። በ1988 ካሜሩናዊው ኢሳ ሃያቱ በቦታቸው ተመረጡ።

አፓርታይድ ሲወድቅ አላዩም። ደቡብ አፍሪካ በ1992 ወደ ዓለም እግር ኳስ ተመለሰች፤ በ1996 ራሷ ያዘጋጀችውን የአፍሪካ ዋንጫ ነጭና ጥቁር በተቀላቀለበት ቡድን ወሰደች፤ በ1957 አልልክም ያለችው ዓይነት ቡድን ነው። ኢትዮጵያ ግን ከ1982 በኋላ ለ31 ዓመት ከአፍሪካ ዋንጫ ራቀች። የተመለሰችው በ2013 ሲሆን አዘጋጇ ደቡብ አፍሪካ ነበረች። የመጀመሪያው ጨዋታችን ኔልስፕሩት ላይ፣ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ሆነ፤ ከ1954ቱ ፍጻሜ ልክ 51 ዓመት በኋላ በዚያው ቀን። ተጋጣሚው የወቅቱ ሻምፒዮን ዛምቢያ ነው። በረኛችን በቀይ ካርድ ወጥቶ በ10 ሰው ተጫውተን 1 ለ 1 ወጣን፤ ጎሉን ያገባው አዳነ ግርማ የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋች ነበር። በቀጠሉት ሁለት ጨዋታዎች በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸንፈን ከምድቡ መጨረሻ ሆነን ተመለስን።